ከድንኳኑ ጀርባ

ባለፈው ማክሰኞ የሰፈራችንን እማማ ቀበርን። 91 ዓመት ኖረዋል። ስማቸውን አልጠራም፤ ልጆቻቸው ይህን ዓምድ ያነባሉ፤ ከዚህ በታች የምለውንም እንደማይወዱልኝ አውቃለሁ።

ሞታቸው አላናደደኝም። በዚያ ዕድሜ፣ በገዛ አልጋ ላይ፣ የንስሐ አባት ራስጌ ተቀምጠው መሄድን ለሁላችንም ያድለን። ያናደደኝ ከፍትሐቱ በኋላ የተነበበው ወረቀት ነው። “ደግሞ ጀመረው” እንደምትሉ ይገባኛል። አዎ፣ ጀመርኩ። ከሕይወት ታሪክ ወረቀት ጋር ያለኝ ጠብ የሟች ፎቶ ከታተመበት ካናቴራ ጋር ካለኝም የቆየ ነው።

ወረቀቱን በቃላችሁ ታውቁታላችሁ። ከአባታቸው ከእገሌ፣ ከእናታቸው ከእገሊት፣ በቀድሞው ሸዋ ጠቅላይ ግዛት፣ መንዝ ውስጥ ተወለዱ። በወላጆቻቸው ቤት በሥነ ሥርዓት ተኮትኩተው አደጉ። ለአቅመ ሔዋን ሲደርሱ በሕግ ተጋቡ። እዚህ ላይ አንባቢው ትንፋሽ ወሰደ፤ ቀጥሎ የመጣው የባለቤታቸው የሥራ ዘመን ነበር። በየትኛው መሥሪያ ቤት እንደተቀጠሩ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት የክፍል ኃላፊ እንደሆኑ፣ ለየትኛው አገልግሎት ሜዳሊያ እንደተሸለሙ፣ መቼ በጡረታ እንደተገለሉ። ከዚያ “የ7 ልጆች እናት” ተባለና የልጆቹ ዲግሪ ከነከተማው ተዘረዘረ። ከዚያ ሩህሩህ፣ ደግ፣ ለተቸገረ ደራሽ። ከዚያ ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው። አለቀ። መንገድ አላፊ ቢሰማ፣ የተቀበሩት ከ22 ዓመት በፊት ያረፉት ባልየው በመሰሉት ነበር።

ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ትንሽ ተቀመጥኩ። ወንዶቹ ካርታ ዘርግተው ስለ ሲሚንቶ ዋጋ ያወራሉ። ውኃ ልጠይቅ ብዬ ወደ ጓሮ ዞርኩና እዚያው ቀረሁ። የሴቶቹ ዕድር ሁለት ትልልቅ ድስት ጥዷል፤ አንዷ ሽሮ ታማስላለች፤ አምስት ስድስቱ ክብ ሠርተው ሽንኩርት ይልጣሉ። ዓይናቸው ያነባል፤ ከሽንኩርቱና ከሐዘኑ የቱ እንደሆነ አይለይም። የእማማ የሕይወት ታሪክ የተነበበው እዚያ ነበር፤ ያለ ወረቀት፣ ያለ ማይክሮፎን።

በመጀመሪያ ቁጥሩ ታረመ። “ምን ሰባት ይላሉ፣ ዘጠኝ ናቸው እንጂ!” አሉ አንዲት አዛውንት። ሁለቱን በአንድ ወር ውስጥ ኩፍኝ ወስዶባቸዋል። ሴቶቹ የሁለቱንም ስም ያውቃሉ፤ የትንሹን የክርስትና ስም ሳይቀር። ከሰባቱ ልጆች ስንቱ ያውቀው ይሆን?

ከዚያ የፖስታው ነገር መጣ። ባልየው በወጣትነታቸው ደመወዝ የተቀበሉ ቀን ጠጅ ቤት ያመሹ ነበር። ቤት የሚደርሰው የተረፈው ነው። እማማ አንድ ቀን ትንሹን አዝለው ወንድማቸው ቤት ደብረ ብርሃን ገቡ። ሽማግሌ ተላከ፤ ተመለሰ። እንደገና ተላከ፤ እንደገና ተመለሰ። በመጨረሻ እሺ ያሉት በአንድ ነገር ነው፦ “ደመወዙ ፖስታው ሳይከፈት ይምጣልኝ።” ሽማግሌዎቹ ሳቁ አሉ። እሳቸው አልሳቁም። ከዚያ ወዲያ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሰውዬው ፖስታውን እንደታሸገ አምጥተው ከጨው ዕቃው ሥር ያስቀምጡ ነበር። እማማ ይቆጥሩና የጠጁን ለብቻ፣ የጋዜጣውን ለብቻ አድርገው ይመልሱላቸዋል። የጠጁን አልከለከሉም፤ መጠኑን ግን እሳቸው ቆረጡ።

ይህ የሆነው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በወጣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው። ያ ሕግ ባልን የቤተሰቡ የበላይ አድርጎታል፤ የጋራውን ንብረት የሚያስተዳድረው እሱ ነው፤ ባል ሠራተኛ መቅጠር ካልቻለ የቤቱን ሥራ ሚስት ትሠራለች ብሎ እስከመጻፍ ሄዷል። ባልና ሚስት በእኩልነት ያስተዳድሩ የተባለው በ1992 በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። ፓርላማው እማማ ላይ የደረሰው ሠላሳ ምናምን ዓመት ዘግይቶ ነው ማለት ነው። ይህ ወረቀት ላይ አይገባም? አይገባም፤ አባትን ያሳጣል። ልጆቹ እናታቸውን “ባለቤታቸውን አክብረው የኖሩ” አሰኝተው አለፉ።

አክብረው መኖራቸውንማ ሴቶቹም አልካዱም። ሰውዬው በመጨረሻ ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ብሎ አልጋ ሲይዙ እማማ 7 ዓመት ገላቸውን አጥበው፣ በየሰዓቱ አገላብጠው አስታመሙ። ቁስል አልወጣባቸውም፤ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያስታመመ ያውቀዋል። የጥሩ ሚስት ታሪክ ከተፈለገ ይኸውላችሁ፤ ኩርፊያውም፣ ፖስታውም፣ ገላ ማጠቡም። አንዱን ከሌላው ነጥሎ የሚያነብ ሰው ስለ አንዲት ሌላ ሴት ነው የሚያወራው።

በ1967 ትርፍ ቤት ሲወረስ ያከራዩዋቸው ሁለት ክፍሎች ሄዱ፤ በጠላ ተተኩ። ጌሾ ወቃጯ ዛሬም ከድስቱ አጠገብ ነበረች፤ ራሷ አያት ሆናለች። ሴቶቹ ወደ ቀይ ሽብር ዘመን ሲደርሱ ግን ድምፃቸው ቀነሰ። ትልቁ ልጅ ቀበሌ ታስሮ ነበር፤ ዛሬ ውጭ አገር ኢንጂነር የሆነው። እማማ በየቀኑ ስንቅ ያደርሳሉ፤ ለጠባቂው ለብቻው አንድ እንጀራ ጠቅልለው። የዚያን ዘመን እናቶች የሚያውቁት አንድ ነገር አለ፦ ሰሃኑ ተበልቶ ከተመለሰ ልጁ አለ፤ ስንቁ እንዳለ ከተመለሰ አትጠይቂ። አንድ ቀን ስንቁ እንዳለ ተመለሰ። እማማ በሩ ላይ ቁጭ አሉ፤ አላለቀሱም፤ “የበላበትን ሰሃን ሳታመጡ አልነሳም” አሉ። አመሻሹ ላይ ሰሃኑ መጣ። ሌላ ጣቢያ አዛውረውት ነበር። ኢንጂነሩ ይህን የሚያውቅ አልመሰለኝም፤ ቢያውቅ ኖሮ ወረቀቱ ውስጥ የእሱ ማስተርስ ሁለት መስመር ባልወሰደ ነበር።

ቀጥሎ ደብተሩ። በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ እማማ አርባ አምስት ዓመታቸው ነበር። ጠላውን ለሴት ልጃቸው ጥለው ማታ ማታ ቀበሌ አዳራሽ ፊደል ቆጠሩ። የምስክር ወረቀታቸውን ሳሎን ሰቅለውት አይቻለሁ፤ ከልጆቹ የምረቃ ፎቶ በላይ። የተማሩትን ግን ለሌላ ነገር አዋሉት። ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ገዙና ለእሳቸው የተደረገውን ሁሉ መመዝገብ ጀመሩ። ደብተሩን ሴቶቹ አሳይተውኛል፤ ጠርዙ ዘይት ጠጥቷል። ፊደሉ ትልልቅ ነው፤ መስመሩን ጀምሮ ወደ መጨረሻው ቁልቁል ይወርዳል። ቀን አይጽፉም፤ በበዓል ነው የሚቆጥሩት። የሚካኤል ዕለት፣ የበርሽዬ እናት፣ አንድ ሌማት እንጀራ። የመድኃኔ ዓለም ማግስት፣ ባለ ሱቁ፣ አምስት ብር ለለቅሶ። ባለ ሱቁ ሰው የሞተበት ዕለት እማማ ደብተሩን ገልጠው አምስቱን አሥር አድርገው ይሄዳሉ፤ ከጎኑም ትንሽ መስቀል ያደርጋሉ። ከሜሪላንድ የመጣችው ልጅ ደብተሩን ትራስ ሥር አግኝታው ደንግጣ ጓሮ ይዛው መጣች፦ “እማዬ ዕዳ ነበረባት እንዴ?” ሴቶቹ በለቅሶ ቤት ሊሳቅ ከሚገባው በላይ ሳቁ።

ድሮ እንዲህ አልነበረም የሚል ሰው አልወድም። በአንድ ነገር ግን ድሮ እንዲህ አልነበረም። አልቃሽ ነበረች፤ ሙሾ አውራጅ። ለወንዱ ፈረሱና ጠመንጃው አደባባይ ይወጣለታል፣ ይፎከርለታል። ለሴቲቱም አልቃሿ አለችላት፤ ማጀቷን፣ ምጧን፣ ከባሏ ጋር የተጣላችበትን የምታውቅ ሌላ ሴት። ጎረቤት ሰምቶ ዝም ያለውን ጭምር በቅኔ ሸፍና ታወርደዋለች፤ የገባው ደረቱን ይመታል። ካህናቱ የጳውሎስን መልእክት እየጠቀሱ ፊት መንጨትንና ደረት መድቃትን ገሠጹ። ልክ ናቸው፤ የተነጨ ፊት ማንንም አልመለሰም። ከተሜው ደግሞ ሙሾውን ራሱን አፈረበት። ገጠር ዛሬም አለ፤ እዚህ ግን በቦታው ወረቀት መጣ። ወንዶች በዚህ አልከሰሩም፤ ወረቀት ሹመትና ሜዳሊያ ይወዳልና። ሴቶቹ ግን ታሪክ ነጋሪያቸውን ተቀሙ። የሕይወት ታሪኩን የሚጽፈው ወንድ ልጅ ነው፤ የሚያነበው የዕድሩ ጸሐፊ ነው፤ የምታውቀው ሴት ሽንኩርት እየላጠች ነው።

የድሃ ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። እቴጌ መነንን ውሰዱ። ከንጉሠ ነገሥቱ የስድስት ልጆች እናት መሆናቸውን፣ በስማቸው የተጠራውንም የሴቶች ትምህርት ቤት ሁሉም ያውቃል። ከስድስቱ ልጆች ልዕልት ዘነበወርቅን በ1926፣ ልዕልት ፀሐይን በ1934፣ ልዑል መኮንንን በ1949 መቅበራቸውን ግን ስንታችን አብረን እናስታውሳለን? እሳቸው በ1954 ሲያርፉ ስድስት የተባሉት ልጆች ሦስት ቀርተው ነበር። እቴጌም ብትሆን ቁጥሩ እንደ እማማ ነው የሚጻፍላት።

አንድ ወዳጄ ይህን ስነግረው “ቀብር ላይ የሚነበበው ለማጽናናት እንጂ ለታሪክ አይደለም፤ የሰው ገመና አደባባይ አይወጣም” አለኝ። የባልየው ሜዳሊያ ማንን እንዳጽናና አልነገረኝም። ገመናውን በተመለከተ፣ ልጅን ከእስር ቤት በር ላይ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ገመና ከሆነ እኔ ገመና የሚባለውን አላውቀውም። ለፖስታው እሺ፣ ልስማማ፤ አልቃሿ ግን ለእሱም ቅኔ ታገኝለት ነበር።

ነገሩን ወደ ዕድራችን ወሰድኩት። ሐሳቤ ትንሽ ናት፦ ሴት ስትሞት ወረቀቱን የሴቶቹ ዕድር ያዘጋጅ፣ ከእነሱ አንዷ ታንብበው። ጸሐፊያችን መጀመሪያ “የሚያነብ ሰው ድምፁ ወፍራም መሆን አለበት፤ ለቀስተኛው ይበዛል” አሉ። ማይክሮፎኑ ለምንድን ነው ታዲያ ብላቸው፣ ማይክሮፎኑ የወንዶቹ ዕድር ንብረት መሆኑን፣ ለሴቶቹ ለማዋስ የጠቅላላ ጉባኤ ውሳኔ እንደሚያስፈልግ አስረዱኝ። የሴቶቹን ሰብሳቢ ጠየቅኳቸው። እጃቸው ሽሮ እንደሆነ ቀና ብለው አዩኝና “እኛ መች አንናገርም አልን፣ ልጄ? የሚሰማ ነው የጠፋው። ብቻ ያን ቀን ድስቱን ማን ያማስል?” አሉ። ይህንንም ለጸሐፊው ነገርኳቸው። ድስት ለማማሰል ከወንዶቹ በኩል ፈቃደኛ እስካሁን አልተመዘገበም፤ ካርታ ተጫዋቾቹን ስም በስም ጠቁሜያለሁ።

ስብሰባው የፊታችን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው። አጀንዳው ከድንኳን ጥገናና ከፕላስቲክ ወንበር ግዥ ቀጥሎ ሦስተኛ ተይዟል። የቀረ አባል 20 ብር ይቀጣል።