ሁለት ባላ ትከል ሲባል እንዲህ አይደለም

ሰሞኑን አንድ የድሮ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። ለፎቶ ቤቱ ኮምፒውተር ሊያዘጋጅ ነው። "ቲቸር፣ ሁለት ሃርድ ዲስክ በሬይድ ዜሮ አገናኝቼ ዊንዶውስ ልጭንበት ነው፣ ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል አሉኝ፣ ምን ይመክሩኛል?" አለኝ። መልሱን እዚህ የምጽፈው ይህንኑ ስህተት እኔ ራሴ ስለሠራሁት ነው።

መጀመሪያ ነገሩን ላስረዳ። ሬይድ ዜሮ ማለት ፋይልን ቆራርጦ አንዱን ቁራጭ በአንደኛው ዲስክ፣ ቀጣዩን በሁለተኛው እያፈራረቀ መጻፍ ነው። ኮምፒውተሩ ሁለቱን እንደ አንድ ያያቸዋል። ሁለት ባለ 500 ጊጋባይት ካሏችሁ 1000 ሆኖ ይታያችኋል። ደስ ይላል አይደል? ግን አንዱ ዲስክ ከሞተ በሌላው ላይ የሚቀረው ቁርጥራጭ ብቻ ነው። አባቶቻችን "ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል" ይላሉ። ይሄኛው ግን ሁለት ባላ ተክሎ፣ አንዳቸው ሲሰበሩ አብሮ መውደቅ ነው።

በሂሳብ እንየው። አንድ ዲስክ በዓመት ውስጥ የመበላሸት ዕድሉ 5 ከመቶ ነው እንበል። ሁለቱም ደህና ሆነው ዓመቱን የመጨረስ ዕድላቸው 0.95 ሲባዛ በ0.95፣ ማለትም 90.25 ከመቶ ነው። አደጋው ወደ 10 ከመቶ ተጠጋ ማለት ነው። በአራት ዲስክ ከሆነ ከ18 ከመቶ ያልፋል።

ሬይድን በ1988 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቁት የበርክሌይ ተመራማሪዎች የዘረዘሩት ከ1 እስከ 5 ነበር። ዜሮው በኋላ የመጣ ስም ነው፤ መጠባበቂያው ዜሮ ነውና።

ከዓመታት በፊት የትምህርት ቤታችንን የሮስተር ኮምፒውተር ያዘጋጀሁት እኔ ነበርኩ። የዊንዶውስ መጫኛው ዲስኩ አይታየኝም ሲለኝ የሬይዱን ድራይቨር በፍላሽ አምጥቼ ሰጠሁት። ሲሠራልኝ ኩራቴ ልክ አልነበረውም። ዊንዶውሱም የተማሪዎች ውጤትም እዚያው አንድ ላይ። ሰኔ ላይ፣ ካርድ ሊሰጥ ሳምንት ሲቀረው፣ አንደኛው ዲስክ ቀጥ አለ። ሌላው ጤነኛ ነበር፤ ግን ምንም አልፈየደም።

መምህራን ከወረቀት ማርክ ሊስት እየገለበጡ እንደገና ጻፉ። የአንድ ክፍል የአንድ ትምህርት ውጤት ግን መምህሩ ተዛውሮ ስለነበር በወረቀትም አልተገኘም። ልጆቹ ድጋሚ ተፈተኑ። አንዱ ለእርሻ ቤተሰቦቹ ጋ ገጠር ገብቶ ነበር፤ ተልኮበት በዚያ ጭቃ በእግሩ መጣ። "ቲቸር፣ እኔ እኮ ተፈትኜ ነበር" አለኝ። ምን ብዬ ልመልስለት?

"ፍጥነቱስ?" ትሉ ይሆናል። ትልቅ ቪዲዮ ስትገለብጡ ልዩነቱ ይታያል፣ እውነት ነው። ዊንዶውስ ሲነሳ ግን የሚያነበው በየቦታው የተበተኑ ትናንሽ ፋይሎችን ነው። የሚሽከረከር ዲስክ ጊዜውን የሚፈጀው እነሱን ሲፈልግ ነው፤ ሁለተኛ ዲስክ መጨመር ያንን ፍለጋ አያሳጥረውም። በዚህ አንድ ኤስኤስዲ ብቻውን ሁለቱን ይበልጣቸዋል።

ስለዚህ የኔ አቋም ይሄ ነው። ለዊንዶውሱ አንድ ኤስኤስዲ ግዙ። ሁለቱን ሃርድ ዲስክ ሬይድ አንድ አድርጓቸው። የሚጻፈው ሁሉ በሁለቱም ላይ ስለሚጻፍ ቦታው በግማሽ ይቀንሳል፤ ግን አንዱ ቢሞት ሌላው ይዞ ይቆያል። ይሄም ቢሆን ባክአፕ አይደለም! በስህተት ያጠፋችሁት ፋይል ከሁለቱም ነው የሚጠፋው፣ ቫይረስም ሁለቱንም ነው የሚያገኘው። ሌላ ቅጂ ከኮምፒውተሩ ተነቅሎ ሌላ ቤት ይቀመጥ። ሬይድ ዜሮ ነገ ቢጠፋ ለማታዝኑበት ነገር ብቻ ይሁን።

ለልጁም "በሰው ሠርግ ፎቶ ቁማር አትጫወት" ብዬዋለሁ።

በየትምህርት ቤቱ ሪከርድ ክፍል ያላችሁ፣ ኮምፒውተሩን ያዘጋጀላችሁን ሰው ዛሬውኑ ጠይቁት፦ "አንዱ ዲስክ ቢሞት ምን ይቀረናል?" መልሱን ሳትሰሙ ወደ ቤት እንዳትሄዱ።