ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ፦ ዊኪፒዲያ ላይ ስለራስ መጻፍ ለምን ጣጣ አለው?

ጉዳዩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እንዲህ ነው። አንድ ልጅ አዲስ ሥራ ይገባና የድርጅቱን ሶሻል ሚዲያ ይረከባል። ወር ሳይሞላው አለቃው «ዊኪፒዲያ ላይ እኮ የለንም፣ እስቲ አስገባን» ይለዋል። ወይም አልበም ያወጣ ጓደኛ «ስሜን ጎግል ሲያደርጉ የሚመጣ ገጽ ሥራልኝ» ብሎ ይለምናል። አካውንት መክፈት ደቂቃ አይፈጅም። ልጁ ይጽፋል፣ ይለጥፋል። በማግስቱ ሲገባ ጽሑፉ ተሰርዟል፣ ማስጠንቀቂያም ደርሶታል። «ይሄ ነገር ለፈረንጅ ብቻ ነው» ብሎ የሚተወው አይጠፋም።

የተሰረዘበት ምክንያት ግን ስም አለው፦ የጥቅም ግጭት። ስለራሳችሁ፣ ስለቤተሰባችሁ፣ ስለጓደኛችሁ፣ ስለቀጣሪያችሁ፣ ስለደንበኛችሁ ወይም ስለተፎካካሪያችሁ ስትጽፉ ዊኪፒዲያ በጥርጣሬ ያያችኋል።

● ዋሽታችኋል ማለት ነው?

አይደለም። ቡናና ጊዮርጊስ ሲጫወቱ የአንዱ አሰልጣኝ ወንድም ዳኛ ይሁን ቢባል ማን ይቀበላል? ሰውየው ጨዋ ሊሆን ይችላል። ግን ፔናሊቲ በሰጠ ቁጥር ስታዲየሙ ይጮኻል። አባቶቻችን «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» ያሉት ለዚህ ነው። ስለምንወደው ነገር ስንጽፍ ሳናውቀው ጥሩውን እናገዝፋለን፣ መጥፎውን እናልፈዋለን።

መሥራቹ ራሱ አላመለጠም። ጂሚ ዌልስ ዊኪፒዲያን እ.ኤ.አ. በ2001 ከላሪ ሳንገር ጋር ጀመረ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ2005 ስለራሱ የተጻፈውን ገጽ ገብቶ ሳንገርን ተባባሪ መሥራች የሚያደርገውን ቃል ማውጣቱ ታወቀ። ነገሩ ሲወጣ ባላደርገው ይሻል ነበር ብሎ አመነ።

● ማን ያውቃል ብለው የተያዙ

ዊኪፒዲያ ላይ እያንዳንዱ ለውጥ ከነሰዓቱና ከነአካውንቱ በገጹ ታሪክ ውስጥ ይቀመጣል። በ2007 ቨርጂል ግሪፊዝ የተባለ አሜሪካዊ «ዊኪስካነር» የሚባል መሣሪያ ሠራ። ያለ አካውንት የተደረጉ ለውጦች ከየትኛው ድርጅት ኢንተርኔት እንደመጡ የሚያሳይ ነበር። የምርጫ ማሽን አምራቹ ዳይቦልድ ማሽኖቹን የሚተቹ አንቀጾች ከራሱ ድርጅት ኮምፒውተር ተሰርዘው ተገኙ።

በ2019 ደግሞ ዘ ኖርዝ ፌስ የተባለው የልብስ ብራንድ በብራዚል ከአንድ የማስታወቂያ ድርጅት ጋር ሆኖ ታዋቂ ተራሮችና መናፈሻዎች ገጽ ላይ የነበሩ ፎቶዎችን የራሱ ልብስ በሚታይባቸው ፎቶዎች ቀየረ። ዓላማው ሰው ቦታውን ጎግል ላይ ሲፈልግ ብራንዱ እንዲመጣ ነው። ይባስ ብለው በቪዲዮ ተኩራሩበት። ዊኪፒዲያዎች ፎቶዎቹን አወጡ፣ ኩባንያውም ይቅርታ ጠየቀ።

● አዲስ ገቢዎችን የሚያድኑም አሉ

በ2015 እንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ 381 አካውንቶችን በአንድ ጊዜ አገደ፣ 210 ገጾችንም ሰረዘ። አሠራራቸው እንዲህ ነበር፦ ረቂቃቸው ውድቅ የተደረገባቸውን ትንንሽ ድርጅቶችና አርቲስቶች ይፈልጋሉ። «እኛ እናስገባላችኋለን» ብለው ይከፈላቸዋል። ገጹ ከወጣ በኋላ ደግሞ «እንዳይሰረዝ እንጠብቅላችሁ» ብለው በየወሩ ይጠይቃሉ። ስለዚህ ነገ አንድ ሰው በቴሌግራም «የዊኪፒዲያ ገጽ በዚህን ያህል ብር» ቢላችሁ ይሄን ታሪክ አስታውሱ።

● ሕጉ እውነትንም የሚያስጨንቅበት ጊዜ አለ

በ2012 አሜሪካዊው ደራሲ ፊሊፕ ሮዝ ስለራሱ ልብወለድ የተጻፈ ስህተት እንዲታረም ጠየቀ። «የእርስዎ ቃል ብቻውን አይበቃም፣ ሌላ ምንጭ ያስፈልጋል» ተባለ። ስለመጽሐፉ ከደራሲው በላይ ማን ያውቃል? ያናድዳል። ሮዝ ግን ዝም አላለም። ኒውዮርከር መጽሔት ላይ ግልጽ ደብዳቤ አሳተመ፣ ከዚያ በኋላ ጉዳዩ ሊጠቀስ ቻለ። መንገዱ ረዘመ፣ ግን ሁሉም ሰው እያየው ተሄደበት።

● ለእኛ ለምን ይከብዳል?

እንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ከ6 ሚሊዮን በላይ ጽሑፎች አሉት። አማርኛው 15 ሺህ አካባቢ ነው። ጽሑፉ ትንሽ ነው፣ የሚቆጣጠረው ዓይን ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። እንግሊዝኛው ላይ በሰዓታት የሚጠፋ ማስታወቂያ አማርኛው ላይ ማንም ሳይነካው ሊከርም ይችላል። ከዚያ ጎግል ያሳየዋል፣ ኤአይ ይማርበታል፣ ተማሪ አሳይመንት ላይ ይገለብጠዋል። ክሮኤሽያኛው ዊኪፒዲያ ለዓመታት በጥቂት አክራሪ ብሔርተኛ አስተዳዳሪዎች እጅ ወድቆ ታሪክ ሲያዛባ እንደነበር ዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን በ2021 ያወጣው ሪፖርት አሳይቷል። ጥቂት ሰው ያለበት ቤት በጥቂት ሰው ይያዛል።

«ታዲያ ስለ ወረዳችን እኛ ካልጻፍን ማን ይጽፍልናል?» የሚል ጥያቄ ይነሳል፣ ተገቢም ነው። መልሱ ጻፉ ነው። አንድ ቦታ መወለድ ወይም ስለ አንድ ነገር በደንብ ማወቅ በራሱ የጥቅም ግጭት አይደለም። የከተማው አስተዳደር ከፍሏችሁ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው።

● እንግዲህ አዲስ ገቢ ምን ያድርግ?

1. ግንኙነታችሁን ተናገሩ። ተከፍሏችሁ የምትጽፉ ከሆነ ማን እንደከፈላችሁ መግለጽ ከ2014 ጀምሮ ግዴታ ነው።

2. ጽሑፉን ራሳችሁ አትንኩ። «ውይይት» በሚለው ገጽ ላይ የሚስተካከለውን ከታተመ ምንጭ ጋር አቅርቡና ሌሎች ይወስኑ። ግልጽ የሆነ ስድብ ወይም ብልግና ተጽፎ ካገኛችሁ ግን ማጥፋት ይቻላል።

3. እንግሊዝኛው ላይ አዲስ ገጽ ከሆነ በረቂቅ መልክ አስገቡና ገለልተኛ ሰው ይየው።

4. ልምምዱን ከማይነካችሁ ርዕስ ጀምሩ። ስለ አንድ ወንዝ፣ ስለ አንድ ወፍ፣ ስለ አንድ የድሮ ንጉሥ።

5. ለአለቃችሁም እውነቱን ንገሩ፦ ሌሎች ስለ ድርጅቱ በነጻነት ካልጻፉ ገጹ ቢወጣም አይቆይም። የተደበቀ ግንኙነት ሲጋለጥ ደግሞ ዜና ሆኖ ከነምንጩ እዚያው ገጽ ላይ ሊጻፍ ይችላል።

ቅርበት ጥፋት አይደለም። ጥፋት የሚሆነው ሲደበቅ ነው።

እናንተስ አማርኛው ዊኪፒዲያ ላይ ማስታወቂያ የሚመስል ጽሑፍ አጋጥሟችሁ ያውቃል? በኮሜንት ንገሩን።