ለአጫሹ ቅጣት አለን፤ መድኃኒት ግን የለንም

ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ትንባሆ የሚያጨስ ሰው ከንፈሩ፣ በአፍንጫው የሚስብ ደግሞ አፍንጫው እንዲቆረጥ ማዘዛቸውን የታሪክ ጸሐፍት ጽፈውልናል። ዛሬ ደብረ ማርቆስ የምንላት ከተማ ያን ጊዜ መንቆረር ትባል ነበር፤ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም የጎጃምን ዘውድ በ1873 ዓ.ም. የደፉት በእኒሁ ንጉሠ ነገሥት እጅ ነው። ይህን የማነሣው የጥንቱን ጭካኔ ለመኮነን አይደለም። ከዚያ ወዲህ ቅጣቱ ለዘበ እንጂ አስተሳሰባችን ፈቀቅ አላለም። አጫሽ ዛሬም በእኛ ዘንድ የሚቀጣ እንጂ የሚታከም ሰው አይደለም።

በ2011 ዓ.ም. የወጣውን የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 እደግፋለሁ። ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቤትና በሥራ ቦታ ውስጥ ማጨስን ከልክሏል፤ ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው ሲጋራ መሸጥንም አግዷል። ነገር ግን አገራችን በ2006 ዓ.ም. ያጸደቀችው ዓለም አቀፍ የትንባሆ ቁጥጥር ስምምነት፣ በ14ኛው አንቀጹ፣ መንግሥታት ሱሰኛው የሚያቆምበትን ሕክምና እንዲያመቻቹ ያዝዛል። ክልከላውን በትጋት ሥራ ላይ ስናውል ይህን አንቀጽ ዘለልነው።

የሰፈራችን የሌሊት ዘበኛ የቀድሞ ወታደር ናቸው። ማጨስ የለመዱት በግንባር ነው፤ ከጮቄ በኩል የሚነፍሰው የሌሊት ብርድ ደግሞ አላስተዋቸውም። አምና ሳንባ ነቀርሳ ይዟቸው ለስድስት ወር መድኃኒት ወሰዱ፤ በነጻ። የጤና ባለሙያዋም ሲጋራ እንዲተዉ መከረቻቸው። ምክሯ ትክክል ነው፤ ትንባሆ በዚህ በሽታ የመያዝን አደጋ በእጥፍ ገደማ ያሳድጋልና። ሦስት ጊዜ ሞከሩ፤ ሦስት ጊዜ ተመለሱ። አንድ ማታ በር ሲከፍቱልኝ «ዶክተር፣ የሳንባውን መድኃኒት ሰጡኝ፤ የሲጋራውን ለምን ነፈጉኝ?» አሉኝ። በማግስቱ በከተማችን አምስት መድኃኒት ቤቶች ገብቼ የኒኮቲን ማስቲካ ጠየቅሁ። አራቱ የለም አሉኝ። አምስተኛው ሚንት ከረሜላ አቀረበልኝ።

ያፈርሁትም ስለራሴ ነው። እኔም አሥራ አንድ ዓመት አጭሻለሁ። የተላቀቅሁት በጸሎቴ ወይም በቆራጥነቴ ብቻ ቢሆን ደስ ባለኝ፤ ግን አይደለም። ለሦስተኛ ዲግሪ ስኮትላንድ ሳለሁ በሰፈሬ ያለ መድኃኒት ቤት ለአሥራ ሁለት ሳምንት ቆዳ ላይ የሚለጠፍ የኒኮቲን ፕላስተር ያለ ክፍያ ሰጠኝ። በየሳምንቱ በትንሽ መሣሪያ ትንፋሼን ይለኩልኝ ነበር። ወጪዬን የሸፈነው ስሜን እንኳ የማያውቅ የስኮትላንድ ግብር ከፋይ ነው። ለባዕድ ተማሪ የተገባው ነገር ለአገሩ ለቆሰለ ወታደር አይገባምን?

የነገሩ አሠራር ረቂቅ አይደለም። ሰውን ከሲጋራ ጋር የሚያስረው ኒኮቲን ነው፤ በዋናነት የሚገድለው ግን ጭሱ ነው። ማስቲካውና ፕላስተሩ ኒኮቲኑን ያለ ጭስ፣ በጥቂቱና እየቀነሰ ይሰጡታል። ያለ ምንም እገዛ ለማቆም ከሚነሡት መቶ ሰዎች ዓመት የሚዘልቁት አምስት ቢሆኑ ነው። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ማስረጃ መርማሪ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ከመቶ በላይ ጥናቶችን ገምግሞ፣ እነዚህ መድኃኒቶች የማቆምን ዕድል ከ50 እስከ 60 በመቶ እንደሚጨምሩ አረጋግጧል። ተአምር አይደሉም፤ ብዙዎች ወስደዋቸውም ይመለሳሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ግን እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ተርታ አሰልፏቸዋል። ከዓለም ታላላቅ ትንባሆ አብቃዮች አንዷ የሆነችው ብራዚል እንኳ በመንግሥት ጤና ተቋማቷ በነጻ ታድላቸዋለች።

«ገንዘብ ከየት ይምጣ?» የሚል አይጠፋም። መንግሥት የብሔራዊ ትንባሆ ድርጅትን 40 በመቶ ድርሻ በ2008 ዓ.ም. ለጃፓን ቶባኮ በ510 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ፤ በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ተጨማሪ ድርሻ በ434 ሚሊዮን ዶላር። ይህ ዋጋ የተተመነው አጫሹ ነገም እንደሚያጨስ ታስቦ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅም ከ30 በመቶው በተጨማሪ በእያንዳንዱ ፓኬት ላይ 8 ብር ጣለ። ታክሱ ይብዛ እንጂ አልልም፤ ሲጋራ መወደዱ ወጣቱን ያርቃል። ከደኸየ ሱሰኛ ታክስ እየሰበሰቡ መውጫውን አለማሳየት ግን ሌላ ስም አለው።

«አጫሹ ጥቂት ነው፤ ወባና የእናቶች ሞት ይቀድማል» የሚለው መከራከሪያ ከባዱ ነው፤ አላቃልለውም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ትንባሆ የሚጠቀመው ከአዋቂው ሕዝብ 5 በመቶ ያህል ነበር። እኔ ግን ከዚሁ ቁጥር የምደርሰው ወደ ተቃራኒው ነው፦ ጥቂት ሳሉ ማከም ርካሽ ነው። የኤችአይቪ መድኃኒትም በጥር 1997 ዓ.ም. በነጻ መታደል እስኪጀምር ድረስ «አቅማችን አይፈቅድም» ይባል ነበር። ከሁሉም ሆስፒታል እንጀምር አላልሁም። ከሳንባ ነቀርሳ ክፍሎች እንጀምር፤ በሽተኛው እዚያው አለ፤ ባለሙያዋም እዚያው አለች።

የጤና ሚኒስቴርና የገንዘብ ሚኒስቴር ሹማምንት ይህን ካነበባችሁ ሁለት ቁጥር ብቻ ንገሩን፦ ባለፈው ዓመት ከሲጋራ ኤክሳይስ ስንት ብር ተሰበሰበ? ከዚያ ውስጥ አጫሽን ለማከም የዋለው ስንት ነው? መልሳችሁን አንዲት ቃል ሳልቆርጥ በዚሁ ገጽ አወጣዋለሁ።