ተቀባይ ያጣ አውራጅ



ባለፈው ሰሞን ይህ ወረቀት ከመጠለያ ወደ መጠለያ ዞሮ ሲመለስ አንድ ወዳጃችን ከኅዳጉ ላይ በእርሳስ «ስደተኛ ስደተኛን አይተችም» የሚል አስተያየት ጽፎበት አገኘን። ነገሩን ያስነሣው ስለ ዋልያስ ባንድ፣ እንዲሁም ኃይሉ መርጊያ ባንዱ ከተበተነ በኋላ ስላወጣቸው ሥራዎች ቅሬታችንን የገለጽንባቸው ጥቂት መስመሮች ናቸው። ወዳጃችን በቅን ልቡና እንደጻፈው አንጠራጠርም። ይሁን እንጂ አባባሉን አንቀበልም። ያልተቀበልንበትንም ምክንያት በጓዳ ሳይሆን በዚሁ ወረቀት ላይ በግልጽ እናስረዳለን። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በቅድሚያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። እኛ የዋልያስ ጠላቶች አይደለንም። ዕድሜያቸው የገፋው ጓደኞቻችን ባንዱን ያወቁት በሬዲዮ ነው፤ የቀረነው ደግሞ ከካሴት ወደ ካሴት ሲገለበጥ ድምፁ በሳሳ ቅጂ ነው። ያን ቅጂ በከረጢት ይዘን ድንበር ተሻግረናል። በሚያዝያ 2023 ካርቱም ላይ ጦርነቱ ሲፈነዳ ካሴቶቹ እንደ ሌላው ዕቃችን ሁሉ የትም ቀሩ። ዛሬ ሶባ ውስጥ በአንድ ስልክ ዙሪያ ተኮልኩለን እናዳምጣለን። እንግዲህ የምንወቅሰው የምንወደውን ነው። ያልወደደ ሰው ምን ቅሬታ አለው?

ዋልያስ ምን ነበር? ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ለዓመታት በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ይጫወት የነበረ ባንድ ነው። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ሲታወጅ እንግዳው ወደ ቤቱ መሔድ ስለማይችል እዚያው እስኪነጋ ይቆይ ነበር፤ ባንዱም አብሮ ያነጋ ነበር። በ1977 «ቼ በለው» የተባለውን ሸክላ አወጡ። ሙዚቃ ማለት የዘፋኝ ግጥም ማለት በሆነበት አገር መሣሪያ ብቻውን የሚናገርበት ሸክላ ማውጣት ድፍረት ነበር። ኦርጋኑን ኃይሉ መርጊያ፣ ፒያኖውን ግርማ በየነ፣ ሳክስፎኑን ሞገስ ሀብቴ፣ ትራምፔቱን ዮሐንስ ተኮላ፣ ቤዝ ጊታሩን መላከ ገብሬ ይዘዋል፤ ሙላቱ አስታጥቄም በቪብራፎን ተጨምሯል። ግርማ በየነ የደረሰው «ሙዚቃዊ ስልት» እዚያው ላይ ይገኛል። ኋላ በብዙ አገር ባንዶች ተደጋግሞ የተጫወቱት እርሱን ነው።

የዚያ ባንድ ኃይል ከምን መጣ? አገራችን ለዚህ የቆየ ቃል አላት፦ አውራጅና ተቀባይ። በሠርግም ሆነ በደቦ አንዱ ያወርዳል፣ ሌላው ይቀበላል። አውራጁ ሲደክም ተቀባዩ ያነሣዋል፤ ተቀባዩ ሲያዘግም አውራጁ ይቆጣዋል። በ«ቼ በለው» ላይ ኦርጋኑ ዜማ ሲያወርድ ሳክስፎኑና ትራምፔቱ ይቀበሉታል፤ ከበሮውና ቤዙ ደግሞ ሁሉንም ከሥር ይዘው ይሔዳሉ። ማንም ብቻውን አይገንንም። ባንድ የሚባለውም ይህ ነው።

በ1981 ዋልያስ ወደ አሜሪካ ተጓዘ። ጉዞው ሲያበቃ ከፊሎቹ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ፣ ከፊሎቹ ግን እዚያው ቀሩ። ኃይሉም ከቀሩት አንዱ ነበር። በ1985 «ሸሞንሟናዬ» ያለበትን ካሴት አወጣ። አኮርዲዮኑንም፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖውንም፣ ሲንተሳይዘሩንም የተጫወተው እርሱ ራሱ ሲሆን ከበሮው ማሽን ነው።

ቅሬታችን የሚጀምረው ከዚህ ነው። ወዳጃችን «ኋላ ቀሮች፣ ማሽን ትጠላላችሁ» እንዳይለን አስቀድመን እንመልስ። በሒልተን የነበረው ኦርጋንም በኤሌክትሪክ ይሠራ ነበር፤ ኤሌክትሪክ አንጠላም። አኮርዲዮኑንማ ማን ይጠላዋል? ኃይሉ በወጣትነቱ የተማረው መሣሪያ ነው፤ በጣቶቹ ሥር ሲተነፍስ ይሰማል። የምንጠላው መልስ የማይሰጠውን ከበሮ ነው። ችክችካን የሚያውቅ ሰው ምቱ በቁጥር ብቻ እንደማይያዝ ያውቃል። ከበሮ መቺ የጨፋሪውን ትከሻ አይቶ ጥቂት ይገፋል፤ ዜማው ሲያቃስት ጥቂት ይይዛል። ማሽኑ ግን ኃይሉ አኮርዲዮኑን ሲያስለቅሰውም ሲያስቀውም ያው ነው። ጆሮ የለውም። አውራጁ ያወርዳል፣ ያወርዳል፤ የሚቀበለው ግን የለም።

እውነቱን ለመናገር ካሴቱ ልብ ይነካል። ሌሊት ሰው ሁሉ ሲተኛ ስንሰማው እኛንም ነክቶናል። ነገር ግን የነካን ሙዚቃው ነው ወይስ የራሳችን ብቸኝነት? የስደተኛ ጆሮ ሰነፍ ነው፤ ሐዘኑን የሚያስታውሰውን ሁሉ ጥበብ ብሎ ይቀበላል። ማዘን ሌላ፣ ማድነቅ ሌላ!

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ እንለፍ።

አንደኛ፤ «ሰውየው በስደት ላይ ነበር፤ ባንድ ከየት ያምጣ?» ይባላል። ልክ ነው። ኃይሉ ዋሽንግተን ውስጥ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነድቶ ኖሯል። ተሳፋሪ ሲጠብቅ ከመኪናው ኋላ ዕቃ መጫኛ ኦርጋኑን አውጥቶ ይለማመድ እንደነበር ራሱ ተናግሯል። ለዚህ ሰው ባርኔጣችንን እናነሣለን። ነገር ግን ምክንያት ሌላ፣ ሚዛን ሌላ ነው። ምክንያቱ ካሴቱ ለምን እንዲህ እንደሆነ ያስረዳል እንጂ ያልሞላውን አይሞላም። እንጀራው ያረረው ማገዶው እርጥብ ስለሆነ ነው ብንል እንጀራው ያላረረ ይሆናል?

ሁለተኛ፤ «ዓለም አድንቆት የለም ወይ?» ይሉናል። በርግጥ አድንቆታል። አንድ አሜሪካዊ ካሴቱን ባሕር ዳር ከአንድ ሙዚቃ ቤት አግኝቶ በ2013 እንደገና አሳተመው፤ ኃይሉም ከዚያ ወዲህ በአውሮፓና በአሜሪካ መድረኮች ላይ ቆመ። እንጀራው በመብዛቱ ደስ ብሎናል። ነገር ግን ፈረንጁ የሰማው ያለውን ነው፤ የጎደለውን አያውቅም። ጥርሱ ሳይወልቅ ያላየው ሰው ክፍተቱን ውበት ነው ቢል አይፈረድበትም። በእኛ ግን ይፈረድብናል፤ ሙሉውን አፍ አይተናልና።

ሦስተኛ፤ «እናንተ የድሮውን ብቻ ነው የምትሹት» የሚል ክስ አለ። ይህ ሐሰት ነው፤ ማስረጃም እናቀርባለን። ግርማ በየነም እንደ ኃይሉ አሜሪካ የቀረ ስደተኛ ነበር። ለብዙ ዓመታት ከሙዚቃ ርቆ ከኖረ በኋላ በ2017 አካሌ ውቤ ከተባለው የፈረንሳይ ባንድ ጋር አዲስ አልበም አወጣ። ድምፁ አርጅቷል፤ ተጫዋቾቹም ያገሩ ልጆች አይደሉም። ነገር ግን ሳክስፎኑም ትራምፔቱም በሰው ትንፋሽ ይነፋሉ፤ ሽማግሌው ሲያወርድ ወጣቶቹ ይቀበሉታል። ይህን በሙሉ ልብ አጨብጭበንለታል። ታዲያ እኛ የምንሻው የድሮውን ነው ወይስ የተሟላውን?

የኃይሉ የራሱ ጉዞም ለእኛ ይመሰክራል። በ2018 «ላላ በሉ» ሲወጣ ማሽኑ ተነሥቶ ሰው ከበሮ መታ፤ ሰው ቤዝ ተጫወተ። ከ1985ቱ ይሻላል፤ ሕይወት አለው። ነገር ግን ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ኃይሉ አሁንም ብዙውን ጊዜ ከራሱ ጋር ያወራል። በ2020 «የኔ ምርጫ» ወጣ። ያን ስንከፍት ምን ሰማን? የሞገስ ሀብቴን ሳክስፎን! የሒልተኑ ጓደኛው፣ አብሮት የቀረው ሞገስ። ከጎኑም የሰጠኝ አጣናው ማሲንቆ አለ። ያን ምሽት በስልኩ ዙሪያ የነበርነው ሁሉ ዝም አልን። ስደቱ አላበቃም፤ ዋሽንግተንም አዲስ አበባ አልሆነችም። ተቀባዩ ግን ተገኘ። እንግዲህ የጠየቅነው የማይቻል ነገር እንዳልነበረ ኃይሉ ራሱ በጣቱ አሳይቶናል። ሁላችንም ቀድሞ አዝነንለት ብቻ ዝም ብንል ኖሮ በ1985ቱና በ2020ው መካከል ያለውን ልዩነት መለየት በምን እንችል ነበር?

ጣታችንን በሌላው ላይ ብቻ ቀስረን ግን አንቀርም። ባንድ እንዲጠፋ ያደረግን እኛም ነን። ካሴት አንዱ ይገዛና ሃያው ይገለብጠው ነበር፤ ከሃያዎቹም ብዙዎቻችን አለንበት። ትራምፔት ነፊው ከዚያ ምን ደረሰው? እዚህ ሰፈርም ከዚህ የተሻልን አይደለንም። ባለፈው ሠርግ ገንዘብ አዋጥተን አንድ ኦርጋን ከነባለቤቱ ተከራየን፤ ቁልፍ ሲጫን ከበሮው ከውስጥ ይመጣል። ከበሮ መምታት የሚያውቁት እናቶቻችን ዳር ተቀምጠው አጨበጨቡ። ክራር የሚጫወቱት ሁለቱ ልጆችም ያዳመጣቸው የለም፤ አንዱ ከውሃው ጋን በዚህ፣ ሌላው በዚያ ለየብቻቸው ሲለማመዱ እንሰማቸዋለን።

ስለዚህች ወረቀትም ግለ ሂስ እናድርግ። በዚህ ወረቀት ላይ ከወጡት ግጥሞች ስንቱን «የስደተኛ ግጥም ነውና ይውጣ» ብለን ቤቱ ሳይመታ፣ ሐሳቡ ሳይበስል አሳለፍነው? የጻፈው ልጅ ሲያነበው አለቀስን፤ እርሱም ልቅሷችንን ምስክር ወረቀት አድርጎ ሔደ። አላከበርነውም፤ አዘንንለት እንጂ። ሰው ስደተኛ ሲሆን ብዙ ነገር ይቀሙታል። ሥራህ ጎድሏል፣ አሟላው የመባልን ክብር ግን እኛው ራሳችን ልንቀማው አይገባም።

አባይ ከጣና፣ ከዚያች ካሴቱ ከተገኘባት ከባሕር ዳር፣ ወጥቶ ሶባ ሲደርስ ብቻውን አይደለም፤ ድንደርና ራሃድ በመንገድ ተቀብለውታል። እኛ ከዚያ ውሃ የምናንስበት ምክንያት አይታየንም።

ስለዚህ የምናሳስበው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ለሚመጣው እንቁጣጣሽ ኦርጋን አንከራይ፤ የኪራዩ ገንዘብ ለከበሮ ቆዳና ለክራር ጅማት ይዋል፤ ሁለቱ ልጆችም ከእናቶች ጋር አንድ ላይ ይቀመጡ። ሁለተኛ፣ ከሚቀጥለው ዕትም ጀምሮ ማንኛውም ጽሑፍ ከመውጣቱ በፊት በሁለት ሰዎች ይነበብ፤ ጉድለቱም ለጸሐፊው በፊቱ ይነገረው።

በእርሳስ የጻፈልን ወዳጃችንም አይቀየመን። በሚቀጥለው ግን ከኅዳጉ ላይ ሳይሆን በብዕር፣ ሙሉ ገጽ ይጻፍልን። ቦታውን እንተውለታለን። እኛ አውርደናል፤ እርሱ ይቀበለን።