ባለቤት የሌለው ዓረፍተ ነገር

«ኔትወርክ የለም።» በዘመናችን አማርኛ የዚህን ያህል የሚነገር ዓረፍተ ነገር ይኖር ይሆን? ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ በባንክ መስኮት፣ በመሥሪያ ቤት፣ በየመኖሪያ ቤቱ ይነገራል፤ የሰማውም ሁሉ ራሱን ነቅንቆ ይቀበለዋል። እኔ ግን ሙግት አለኝ። እስቲ ሰዋስውን እንጠይቅ፤ የዚህ ዓረፍተ ነገር ባለቤት ማን ነው? «ኔትወርክ» ነው። እርሱ ደግሞ «የለም» ተብሏል። ባለቤቱ ራሱ ከሌለ እንግዲህ ማን ይጠየቃል?

እኛ የየካ ክፍለ ከተማ ነዋሪዎች ለዚህ አባባል አንድ ተከሳሽ አግኝተንለታል፤ ተራራውን። የቤታችን ኢንተርኔት መጣ ሄደት ባለ ቁጥር «እንጦጦ ጋርዶን ነው» እንላለን። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጠው እንጦጦ የሞባይል ስልክን ሞገድ በየሸለቆው ቢጋርድ አይገርምም። በመዳብ ወይም በፋይበር ገመድ ቤታችን ድረስ የሚገባውን መስመር ግን ተራራ አይጋርደውም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ፣ ከሐረር እስከ አዲስ አበባ የተዘረጋው 477 ኪሎ ሜትር የስልክና የቴሌግራፍ መስመር ስንቱን ጋራ ተሻግሮ መጣ! እንጦጦ ባልዋለበት ተከሷል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ደግሞ «ሲግናል» የሚባል ሰፈር ባለበት ክፍለ ከተማ ነው።

የቅኔ ተማሪ ቅኔ ሲሰማ አስቀድሞ የሚፈልገው ኅብረ ቃሉን ነው፤ ሰሙና ወርቁ የተጣበቁበትን ቦታ። «ኔትወርክ»ም ኅብረ ቃል ነው፤ ቢያንስ ሦስት ነገር ተሸክሟል። አንደኛው ከስልካችን እስከ ራውተሩ ያለው ዋይፋይ ነው፤ ሁለተኛው ከራውተሩ እስከ ስልክ ማዕከሉ ያለው መስመር፤ ሦስተኛው ከማዕከሉ ወዲያ ያለው ሰፊው ዓለም። በስልካችን ራስጌ የምናየው የዋይፋይ ምልክት የሚመሰክረው ለመጀመሪያው ብቻ ነው። ሰሙ ሞልቶ ወርቁ ባዶ ሊሆን ይችላል።

መፍቻው አስቸጋሪ አይደለም። ኮምፒውተርን በገመድ ከራውተሩ ጋር ማገናኘት ነው። በገመድ ሳይቆራረጥ ከሠራ ጥፋቱ ያለው በዋይፋዩ በኩል ነው፤ ራውተሩ ከወፍራም ግድግዳ ጀርባ ወይም ከቴሌቪዥን ኋላ ተደብቆ ይሆናል፤ አለዚያም በኮንዶሚኒየም ሕንፃ የጎረቤት ራውተር ሁሉ በአንድ ቻናል ላይ ይጋፋል። በ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ላይ እርስ በርስ የማይነካኩት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ናቸው፤ ከእነርሱ ጭር ያለውን መምረጥ ነው። በገመድም ከተቋረጠ የራውተሩን መብራቶች ማየት ይገባል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ከጠፉ ነገሩ የኤሌክትሪክ ነው፤ ሶኬቱና ቻርጀሩ ይታይ። የዲኤስኤል መብራት ብቻ ከጠፋ ግን ሕመሙ ከመዳቡ መስመር ነው፤ በክረምት ዝናብ የሚገባበት ልል መጋጠሚያ ወይም ያረጀ ስፕሊተር ይኖራል። የፋይበር ተጠቃሚ ቀይ መብራት ካየ ብርሃኑ ገመዱን አልፎ አልደረሰም ማለት ነው፤ ገመዱ ታጥፎ ወይም ተሰብሮ ይሆናል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን የሚመጣና የሚሄድ ብልሽት ነው። ባለሙያ ሲመጣ ይድናል፤ ባለሙያ ሲሄድ ያገረሻል። ለእርሱ መድኃኒቱ ደብተር ነው፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የትኛው መብራት እንደጠፋ፣ ዝናብ እንደነበረ መጻፍ። በባንክ ሥራችን የቀኑ ገንዘብ ከሂሳቡ ጋር አልገጥም ሲል «ሂሳብ የለም» ብሎ ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም። ልዩነቱ የተፈጠረበት ቦታ እስኪገኝ ድረስ ሰነድ በሰነድ ይመረመራል። ታዲያ በገንዘብ የለመድነውን ጥንቃቄ በቋንቋ ለምን እንነፍገዋለን?

«ወርኃዊ ክፍያ እየከፈልን እኛው ምን አደከመን?» የሚል አንባቢ ይኖራል። እውነት ነው፤ ምሰሶ ላይ ወጥቶ ሽቦ መቀጠል የእኛ ሥራ አይደለም። ይሁን እንጂ «ኔትወርክ የለም» ለሚል ደንበኛ የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው፤ «አጥፍተው ያብሩት»። ማጥፋትና ማብራት አንዳንዴ ይፈውሳል፤ አንዳንዴ ግን የበሽታውን ምልክት ብቻ ይሰውራል። «ካለፈው ማክሰኞ ጀምሮ ዝናብ በጣለ ቁጥር የዲኤስኤል መብራቱ ይጠፋል፤ ዋይፋዩ ደህና ነው» የሚለውን ደንበኛ ግን በዚህ መልስ መሸኘት ይከብዳል። ድፍን አነጋገር ተጠያቂውን ይሸሽጋል፤ ጥርት ያለ ቃል ግን ግዴታውን ያስታውሰዋል።

በዚያ መስመር ጫፍ የልጇን ድምፅ ከቤሩት የምትጠብቅ እናት አለች፤ ማመልከቻው ሳይላክ ቀነ ገደቡ የሚያልፍበት ወጣት አለ። ለእነርሱ «የለም» መልስ አይሆንም። «መስመራችን ከምሰሶው መጋጠሚያ ላይ ተበላሽቷል» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። ይህ ዓረፍተ ነገር ባለቤት አለው፤ ቦታም አለው፤ ስለዚህ ጠጋኝ ሊያገኝ ይችላል።