አእምሮም ይርበዋል

ሰው ሆዱ ሲራብ ወዲያው ያውቃል፤ ሆድ ራሱ ይነግረዋልና። አእምሮ ግን ሲራብ አይጮኽም። እንዲያውም የተራበ አእምሮ ብዙውን ጊዜ የጠገበ ይመስለዋል። የአእምሮን ረሀብ ከሆድ ረሀብ ይልቅ አስጊ የሚያደርገውም ይኸው ዝምታው ነው።

ከፊዚክስ መምህር ልማድ ሳልወጣ ነገሩን በስሌት ልጀምር። አንድ ጎልማሳ ሰው በቀን 2,000 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይመገባል እንበል። ይህ 8.4 ሚሊዮን ጁል ያህል ነው፤ በአንድ ቀን ውስጥ ላሉት 86,400 ሰከንዶች ሲካፈል ወደ 100 ዋት ይጠጋል። አንጎላችን ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህሉን ብቻ የሚይዝ ቢሆንም፣ በዕረፍት ጊዜ ሰውነታችን ከሚጠቀምበት ጉልበት 20 በመቶ ገደማውን የሚወስደው እርሱ ነው። እንግዲህ እያንዳንዳችን 20 ዋት የሚፈጅ አምፖል በራስ ቅላችን ውስጥ አብርተን ቀንና ሌሊት እንዞራለን ማለት ነው። ሂሳቡን የምንከፍለው በእንጀራና በወጥ ነው። ለመሆኑ ይህን ያህል ወጪ የሚደረግለት አምፖል የሚያበራው ምን ላይ ነው?

ሌላውን ከመውቀሴ በፊት የራሴን ጥፋት ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ስለ መለኪያ አሃዶች ሳስተምር፣ አንድ ኪሎ ግራም ማለት በፈረንሳይ አገር፣ በፓሪስ አቅራቢያ የሚገኘው የፕላቲነምና የኢሪዲየም ቅይጥ ሲሊንደር ክብደት ነው ብዬ በሰሌዳው ላይ ጻፍሁ። እኔም በተማሪነቴ የተማርሁት ይህንኑ ነበር። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «ይቅርታ ዶክተር፣ ይህ ትርጓሜ ተለውጦ የለም እንዴ?» አለችኝ። እኔም ሳላመነታ «አልተለወጠም፤ መጽሐፉን ተመልከቺ» ብዬ አስቀመጥኋት። ማታ ቤቴ ገብቼ ሳጣራ ግን ልጅቱ ልክ ነበረች። ከ1889 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲያገለግል የኖረው ሲሊንደር ከግንቦት 20 ቀን 2019 እ.ኤ.አ. አንሥቶ ሥልጣኑን ለቋል፤ ኪሎ ግራም ዛሬ የሚተረጎመው በፕላንክ ቋሚ ቁጥር አማካይነት ነው። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ በተማሪዎቹ ፊት ስሕተቴን አምኜ ይቅርታ ጠየቅሁ። ከባሕር ማዶ ያመጣሁት የዶክትሬት ዲግሪ ከግድግዳው አልወረደም፤ እኔ ግን በዚያች ሌሊት ከግድግዳው ላይ የሚሰቀል ወረቀት አእምሮን እንደማይመግብ ተረዳሁ።

ይህ የኪሎ ግራም ነገር ብቻ አይደለም። የጽንፈ ዓለም መስፋፋት እየፈጠነ መሄዱ የታወቀው በ1998 እ.ኤ.አ. ነው። ፕሉቶ ከፕላኔቶች ተርታ የወጣችው በ2006 ነው። የሂግስ ቦዞን መገኘት የተበሠረው በ2012፣ የስበት ሞገድ ለመጀመሪያ ጊዜ በመሣሪያ የተመዘገበው ደግሞ በ2015 ነው። በተመረቀበት ቀን መጽሐፉን የዘጋ ሰው ዕውቀቱ በዚያው ቀን ላይ ቆሟል፤ ዓለም ግን አልቆመችም። የቆመ ሰዓትስ በቀን ሁለት ጊዜ ልክ ይሆናል፤ የቆመ ዕውቀት ግን ያቺን ዕድል እንኳ አያገኝም።

ወደ እናንተ ወደ ተማሪዎች ልመለስ። በየቤተ መጻሕፍቱ ስዘዋወር የማየው አብዛኛው ተማሪ መጽሐፍ ሳይሆን ሃንድአውትና ያለፉ ዓመታት የፈተና ወረቀት ይዞ ነው። ፈተናው ሲያልቅ ወረቀቱ ይጣላል፤ ከወረቀቱ ጋር ዕውቀቱም አብሮ ይጣላል። በዚህ መንገድ ጥሩ ውጤት ማግኘት እንደሚቻል አልክድም። ነገር ግን ይህ ለጉዞ ስንቅ መሰነቅ ሳይሆን በር ላይ ቆሞ አንድ ጉርሻ መጉረስ ነው።

ማይክል ፋራዳይን እንመልከት። በ1791 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ከአንድ ደኻ ቀጥቃጭ ተወለደ። መደበኛ ትምህርቱ ከንባብ፣ ከጽሕፈትና ከመጠነኛ ሒሳብ ያለፈ አልነበረም። በ14 ዓመቱ ለንደን ውስጥ ከአንድ መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ በሙያ ለማጅነት ገባ። ሌላው ሠራተኛ መጽሐፉን ጠርዞ ሲያስቀምጥ እርሱ ግን ገልጦ ያነብ ነበር። ስለ ኤሌክትሪክ ያወቀው ሊጠረዝ ከመጣ የኢንሳይክሎፒዲያ ቅጽ ነው፤ ወደ ኬሚስትሪ የሳበው ደግሞ ጄን ማርሴት የተባለች ሴት ለተራው አንባቢ በምልልስ መልክ የጻፈችው መጽሐፍ ነው። ያነበበውንም እንዲሁ አያልፈውም፤ ኪሱ በፈቀደለት መጠን ርካሽ ዕቃ እየገዛ በሙከራ ይፈትነው ነበር። በ1812 የታወቀውን ኬሚስት ሃምፍሪ ዴቪን ሲያስተምር ሰማ፤ የያዘውን ማስታወሻ በንጹሕ ገልብጦና ራሱ ጠርዞ ላከለት። በተከታዩ ዓመት የዴቪ ረዳት ሆኖ ተቀጠረ። በ1831 የኤሌክትሮማግኔት ኢንዳክሽንን አገኘ። ዛሬ በግልገል ጊቤም ሆነ በተከዜ የሚሽከረከሩት ጄኔሬተሮች የሚሠሩት በዚሁ ሕግ ነው። ይህን መጽሔት ማታ በኤሌክትሪክ መብራት የምታነቡ ሁሉ የዚያ መጽሐፍ ጠራዥ ባለዕዳዎች ናችሁ።

ይህን ስል ትምህርት ቤት አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ፋራዳይ የሒሳብ ዕውቀቱ ዝቅተኛ በመሆኑ ሐሳቡን በቀመር ሊያስቀምጠው አልቻለም፤ ያንን የፈጸመው በዩኒቨርሲቲ የተማረው ጄምስ ክለርክ ማክስዌል ነው። ፋራዳይ የሚያስተምረን ሌላ ነገር ነው፦ ማንበብ መመገብ ሲሆን መፈተን ደግሞ ማኘክ ነው። ሳይታኘክ የተዋጠ ምግብ ለሰውነት አይሆንም።

ይህን የዘመኑ ጥናትም ይደግፈዋል። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ከፊሎቹ ተማሪዎች አንድን ጽሑፍ ደጋግመው እንዲያነቡ፣ ሌሎቹ ግን አንብበው ወረቀቱን በማስቀመጥ ያስታወሱትን እንዲጽፉ አደረጉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሁለት ቀንና ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ከአእምሯቸው እያወጡ የጻፉት በለጡ። ይህ ውጤት ለአገራችን የአብነት ተማሪ ብዙም አያስደንቀውም። መምህሩ ፊት ቀርቦ ያለ መጽሐፍ በቃሉ ካልወጣው ወደሚቀጥለው አይሻገርምና።

«መጽሐፍ የት አለ? ጊዜስ ከየት ይምጣ?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። የመጽሐፍ እጥረቱ እውነት ነው፤ በተለይ ከከተማ ርቆ ለሚማር ተማሪ። ስለዚህ አንድ መጽሐፍ ያለው ሁለት ለሌላቸው ያውስ፤ ሦስት ሆኖ ማንበብና ያነበቡትን መከራከር ደግሞ ለብቻ ከማንበብ ይበልጣል። «ሁሉም ነገር በስልኬ ውስጥ አለ» የሚለውም አልታጣም። እውነት ነው፣ አለ። ይሁን እንጂ ስልክ የሚመልሰው የጠየቁትን ነው፤ መጠየቅን የሚያስተምረው ግን ቀደም ሲል የተነበበው ነው። ያቺ ተማሪ ባታነብ ኖሮ፣ ስልኳ በእጇ ሳለ፣ ስሕተቴን በደብተሯ ገልብጣ ትሄድ ነበር።

ጊዜን በተመለከተ አሁንም ወደ ስሌት ልመለስ። በቀን ከፈተና ውጭ የሆነ 10 ገጽ ብቻ የሚያነብ ሰው በዓመት 3,650 ገጽ ያነባል። ይህም ባለ 300 ገጽ 12 መጻሕፍት ነው፤ በአራት ዓመት የዩኒቨርሲቲ ቆይታ 48 መጻሕፍት ይሆናል። ካነበባችሁ በኋላ መጽሐፉን ዘግታችሁ የቀራችሁን በሦስት መስመር ጻፉ። ያልገባችሁን በአራተኛው መስመር ጻፉና መምህራችሁን ጠይቁ።

እኛም መምህራን ስንጠየቅ እንደ እኔ «መጽሐፉን ተመልከቺ» ብለን ከማስቀመጣችን በፊት፣ መጽሐፉን ራሳችን ለመጨረሻ ጊዜ የተመለከትነው መቼ እንደሆነ እናስብ። ተማሪው የሚበላው እኛ ካበሰልነው ነውና፣ የአደረ ወጥ እያሞቅን ማቅረብ ይብቃን።