ከታንኳ ላይ ስናጠምድ፦ የመንጠቆውን ቁጥር እናንብብ

ቁጥር ማንበብን ተምረናል። ዛሬ ቁጥሩን ይዘን ወደ ጣና ሐይቅ እንውረድ። ሐይቁን እናንተ ከእኛ ይበልጥ ታውቁታላችሁ። እኛ የምንነግራችሁ በመንጠቆው ማሸጊያ ላይ የተጻፈውን ነው።

መንጠቆ ስትገዙ ማሸጊያውን አገላብጡ። ጽሑፉ በውጭ ፊደል ቢሆንም ቁጥሩ የተማርነው ቁጥር ነው። ታዲያ ልብ በሉ! የመንጠቆ ቁጥር እንደ ጫማ ቁጥር አይደለም። ቁጥሩ ሲበልጥ መንጠቆው ያንሳል። ቁጥር 10 ትንሽ ነው። ቁጥር 4 ከእሱ ይተልቃል። ቁጥር 1 ከሁለቱም ይተልቃል። ከቁጥሩ ቀጥሎ ዘንበል ያለ መስመርና ዜሮ ካለ ግን ነገሩ ይገለበጣል። 4/0 ከ1/0 ይተልቃል። ይህን ያላነበበ ሰው ለአምባዛ ብሎ የቆሮሶ መንጠቆ ገዝቶ ይገባል። ገንዘቡም ይሄዳል፤ ዓሣውም ያመልጣል።

የቆሮሶ አፍ ትንሽ ነው። ቁጥር 8 ወይም 6 ይበቃዋል። አምባዛ አፉ ሰፊ፣ ጉልበቱም ብርቱ ነው። ለእሱ 2/0 ወይም 3/0 ይሻላል።

የክሩም ጥቅል ቁጥር አለው። አንዱ የክሩ ውፍረት በሚሊ ሜትር ነው። ሌላው ክሩ የሚችለው ክብደት በኪሎ ነው። ነገር ግን ቋጠሮ ክርን ያደክማል። ስለዚህ 10 ኪሎ ይችላል የተባለ ክር ሲቋጠር ያን ያህል አይችልም። ቋጠሮውን ከማጥበቃችሁ በፊት በውሃ አርጥቡት።

አሁን እንቋጥር። በዋናው ክር ጫፍ ላይ ቀዳዳ ያለው ድንጋይ ወይም እርሳስ እሰሩ። እርሳስን በጥርስ አትንከሱ፤ መርዝ ነው። ከክብደቱ ሁለት ስንዝር ከፍ ብላችሁ ቀጠን ያለ አጭር ክር ቀጥሉ። በእሱ ጫፍ አንድ መንጠቆ እሰሩ። ቀጭኑ ክር ለምን? መንጠቆው ድንጋይ ውስጥ ቢገባ የሚበጠሰው ቀጭኑ ነው፤ ዋናው ክር ይተርፋል። መንጠቆ አታብዙ። ታንኳ ጠባብ ነው፤ የበዛ መንጠቆ እጅና ልብስ ይይዛል።

ነፋስ ታንኳውን ሲነዳው ክሩን ነፋሱ በሚመጣበት ጎን ጣሉ። በሌላው ጎን ከጣላችሁ ታንኳው በክሩ ላይ ይሄድበታል። ክብደቱ መሬት ሲነካ በእጃችሁ ይሰማችኋል። ያኔ አንድ ስንዝር ከፍ አድርጉት። ጣና በጣም በጠለቀበት ቦታ 14 ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ 30 ሜትር ክር ይበቃል። ነፋሱ ክሩን ወደ ላይ ካነሳው ክብደት ጨምሩ። ጨምራችሁም መሬት ካልነካ ነፋሱ በርትቷል ማለት ነው። በቃ፣ ተመለሱ!

ነፋስ ያለ ድካም ይወስዳል። መመለሻው ግን በክንድ ነው። ደንገሉም ውሃ እየጠጣ ይከብዳል። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት ዳር ላይ አንድ ዛፍ ምልክት አድርጉ። ዛፉ ማነስ ሲጀምር፣ ዓሣ ቢያዝም ባይያዝም፣ ክሩን ሰብስቡ። ዓሣው ነገም አለ፤ ቤት የሚጠብቃችሁ ሰው ግን ዛሬ ይጠብቃል።

መልመጃ፦ 12፣ 2፣ 1/0፣ 3/0። ከትንሹ መንጠቆ ጀምራችሁ ወደ ትልቁ የተጻፉ ናቸው? እያነበባችሁ ለጎረቤት አስረዱ።